እጅን መሰብሰብ

ዶክተር ላቀው ድካሙ የእንቅልፍ እጦት ብቻ እንዳልሆነ የገባው ከዓመት ፈቃዱ ሲመለስ ነው። ሶዶ እህቱ ቤት ስልኩን ዘግቶ፣ ሲበላና ሲተኛ ሰንብቶ ነበር። ሆኖም አውቶቡሱ ምዕራብ ዓባያን አልፎ የሙዝ እርሻው ግራና ቀኝ መታየት ሲጀምር ሰውነቱን ሲሄድ እንደነበረው ደክሞ አገኘው። እንቅልፉ ዓይኑን አሳረፈለት እንጂ ውስጡ አልደረሰም።

አርባ ምንጭ መጀመሪያ የተመደበ ጊዜ በሆስፒታሉ ከእሱ ሌላ ቀዶ ሐኪም አልነበረም። ከካምባ አንጀቱ የተጠማዘዘ፣ ከደጋው ከዛፍ የወደቀ፣ ከመንገድ ባጃጅ የገለበጠው፣ ሁሉም እሱ ዘንድ ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ ወጣት ነበር፤ የቻለውን ሁሉ በራሱ እጅ ሠርቶ ያልፍ ነበር። ኋላ ሆስፒታሉ ከውጭ አገር ቀዶ ሐኪሞች ጋር ተባብሮ የስፔሻሊስት ሥልጠና ጀመረ። ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ መጡለት። የውጭዎቹ ደግሞ በየተራ እየመጡ ሁለት ሁለት ሳምንት ያስተምሩና ይሄዳሉ። ሰው ሁሉ «እንግዲህ አረፍክ» ሲለው ላቀው ይስቃል። ማስተማር ከመሥራት የበለጠ እንደሚያደክም ማን ይነግራቸዋል?

የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንቱ አቢጋኤል ነበረች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ወሬ አታበዛም፣ እጇ አይጣደፍም። ላቀው ይወዳት ነበር፤ ይኮራባትም ነበር። ኦፕራሲዮን ክፍል ፊት ለፊቷ ቆሞ ስትከፍት፣ ስታስር፣ ስትሰፋ ይመለከታታል። ሥራው ወደ አስቸጋሪው ቦታ ሲደርስ ግን «እስቲ» ይላል። እሷም መሣሪያውን ትለቅለታለች። ነርሶቹ ከመልመዳቸው የተነሳ ገና «እስ...» ሲል መቀሱን ወደ እሱ መዘርጋት ጀምረው ነበር።

በዚያ ወር የመጣው እንግዳ ዶክተር ኮሊን ነበር። ስኮትላንዳዊ ነው፤ በአገሩ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ከውጭዎቹ ሁሉ ሳያቋርጥ በየዓመቱ የሚመጣው እሱ ስለነበር ከላቀው ጋር ወንድማማች ሆነዋል። በዚህ ጉዞው ግን እጁን ታጥቦ ሥራ አልገባም። ጥግ ላይ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲያያቸው ሰነበተ። በሳምንቱ መጨረሻ ሲቀላ ሰፈር አንድ ዓሣ ቤት ምሳ ሲበሉ ኮሊን ጣቱን በሶፍት እየጠረገ ጠየቀው።

«አቢጋኤል ጥሩ ቀዶ ሐኪም ናት?»

«በጣም ጥሩ ናት» አለ ላቀው።

«እንዴት አወቅህ?»

«ምን ማለትህ ነው? በየቀኑ አብሬያት እኮ ነው የምሠራው።»

«ቀላሉን ስትሠራ እኔም አይቻታለሁ። ከባዱን ስትሠራ ግን አንተን ነው ያየሁት። ከባዱን ስትሠራ እሷን ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።»

ላቀው የያዘውን ዓሣ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። «ስማ ኮሊን፣ አንተ ሁለት ሳምንትህን ጨርሰህ ትሄዳለህ። ሰው ቢሞትብን ወንድሙን ገበያ ላይ የማገኘው እኔ ነኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ አጠገቤ የሚቀመጠው እሱ ነው። ልጆቹን ሚስቴ ናት የምታስተምረው። እኔ ሰው መለማመጃ አላደርግም።»

ኮሊን የዓሣውን አጥንት ወደ ሳህኑ ዳር ሰበሰበ። «እውነትህን ነው» አለ፤ «እኔ እሄዳለሁ። እሷም ግን በሰኔ ትሄዳለች። በምትመደብበት ቦታ ከፊቷ የሚቆም ሰው የለም። ያን ጊዜ ከባዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ትሠራዋለች ማለት ነው።»

ላቀው ተናዶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ በለጥሽ ሴቻ ሰፈር ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ቀና ብላ አየችውና «ማን ሞተ?» አለችው።

«ማንም።»

«ፊትህ ግን ለቅሶ ቤት የዋለ ይመስላል።»

የተናደደው ኮሊን ስለተሳሳተ እንዳልሆነ ላቀው ያውቅ ነበር። ደግሞም ለኮሊን ያልነገረው ነገር ነበር። «እስቲ» የሚለው ለበሽተኛው ስለሚፈራ ብቻ አይደለም። ስለደከመው ነው። ራሱ ሲሠራው ቶሎ ያልቃል። ሌላው ሲሠራ ቆሞ ማየት ግን እያንዳንዱን ደቂቃ በነፍስ መክፈል ነው።

ሰኞ ተራ የደረሳት ከጨንቻ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣች አገኘሽ የምትባል ሴት ነበረች። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት ከዓመት ዓመት አድጎ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ጋደም ካለች ትንፋሿ ስለሚያፏጭ ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነው የምታድረው። ከዚያ በፊት በቀጠሮ መጥታ ነበር፤ አንዴ ኦክስጅን አልቆ፣ አንዴ ደም ጠፍቶ፣ ሌላ ጊዜ የመኪና አደጋ ክፍሉን ሞልቶት ሳትሠራ ተመልሳለች። ባሏ ወልደየሱስ ሸማኔ ነው። በመጡ ቁጥር ከጓሯቸው የለቀሙትን አፕል በፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ ሲመለሱም አንዲት የምሬት ቃል አይወጣቸውም። አገኘሽ በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶቹን መዘምራን የምትመራ ሴት ናት። ዎርድ ውስጥ እሁድ ጠዋት ቀስ ብላ ስታዜም በሽተኛ ሁሉ ዝም ብሎ ሲሰማት ላቀው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ አይቷል።

ጠዋት እጃቸውን ሲታጠቡ ላቀው «ዛሬ አንቺ ነሽ የምትሠሪው» አላት አቢጋኤልን። «እስከ መጨረሻው። እኔ ረዳትሽ ነኝ።»

አቢጋኤል ውኃው እጇ ላይ እየፈሰሰ ዞራ አየችው። «እስከ መጨረሻው?»

«አዎ።»

የእንቅርቱ የቀኝ ጎን ያለ ችግር ወጣ። የግራው ግን ከደረት አጥንት ኋላ ሰርጎ የገባ ነበር፤ የደም ሥሮቹም እንደ ጣት ወፍረዋል። አቢጋኤል ስታነሳው አንዱ አመለጣትና ደሙ ጉድጓዱን ሞላው። ማደንዘዣ የሚሰጠው አለምሰገድ ከመጋረጃው በላይ አንገቱን ብቅ አደረገ። ላቀው አፉ ላይ የመጣውን «እስቲ» ዋጠው። ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝበትን መሳቢያ አጥብቆ ጨበጠ። አቢጋኤል ፋሻውን ጠቅጥቃ ተጭና ጠበቀች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ገለጥ አድርጋ የሚደማውን አገኘችና አሰረችው። ጥሩ አድርጋ ነው ያሰረችው። ነገር ግን ድምፅን የምታንቀሳቅሰው ቀጭን ነርቭ የምታልፈው በዚያው አጠገብ ነው። እንቅርቱ ገፍቶ ገፍቶ ወጥሯት ከሌላው ክር መለየት አስቸጋሪ ነበር። ፈለጓት። ያገኟት መሰላቸው። ሥራው አለቀ።

አገኘሽ ስትነቃ ትንፋሿ ሰላም ሆነ፤ ፉጨቱ ጠፋ። አለምሰገድ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ «ስምሽ ማን ነው?» አላት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር።

ኮሊን ነርቯ ተወጥራ ከሆነ በወራት ውስጥ ልትመለስ እንደምትችል፣ ከተቆረጠች ግን እንደማትመለስ፣ ለጊዜው የትኛው እንደሆነ ማወቅ እንደማይቻል ነገራቸው። ይህን እነሱም ያውቁታል። በዚያው ሳምንት የመሄጃው ቀን ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያ ሲሸኘው ኮሊን አቅፎት «እደውላለሁ» አለው። ላቀው ራሱን ነቀነቀ። ሲቀላ ዓሣ ቤት «አንተ ትሄዳለህ» ያለው ልክ እንደነበር ለመናገር እንኳ አቅም አልነበረውም።

ሲመለስ አቢጋኤል በሐኪሞች ክፍል መስኮት ስር ቆማ አገኛት።

«እርስዎ ሠርተውት ቢሆን ኖሮ ይሄ አይደርስም ነበር፤ አይደለም?» አለችው።

አይደርስም ነበር ቢላት ትሰበራለች። ይደርስ ነበር ቢላት ውሸት ሊሆን ይችላል።

«አላውቅም አቢጋኤል። እስክሞት ብትጠይቂኝ የምመልስልሽ አላውቅም ነው። ነይ፣ ሄደን እንንገራቸው።»

ወልደየሱስ ከሚስቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ ነበር። አቢጋኤል የሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረችው፤ እሱ ደግሞ ለአገኘሽ በጋሞኛ ይመልስላታል። ቋንቋው ስላልሆነ አማርኛው ሴቱን ከወንዱ አይለይም።

«አሁን ጋደም ብሎ ይተኛል?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ ትተኛለች።»

«ድምፁስ? ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል። ላይመለስም ይችላል።»

ይህን ሲተረጉምላት አገኘሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ልቅሶዋ ግን አይሰማም። ወልደየሱስ «ማን ነው የቆረጠው?» አለ።

ላቀው አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ» ማለት ይችል ነበር፤ ለሁሉም ይቀልላቸው ነበር። አቢጋኤል ግን ቀደመችው።

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«እኔ ነኝ እንድትሠራ ያዘዝኳት» አለ ላቀው። «ከፊቷም ቆሜ ነበር።»

ወልደየሱስ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። «ፈረንጁስ?»

«ሄዷል።»

ሰውዬው ይህን ከበፊቱም የሚያውቀው ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ይቅር ብያችኋለሁ አላላቸውም፤ አልረገማቸውምም። ብርድ ልብሱን የሚስቱ እግር ላይ ሳብ አደረገ፤ እነሱም ወጡ።

ከዚያ ወዲያ አቢጋኤል ተለወጠች። ቀላሉን ትሠራለች። አስቸጋሪው ቦታ ስትደርስ ግን ላቀው ምንም ሳይላት መሣሪያውን «ይያዙልኝ ዶክተር» ብላ ትሰጠዋለች። እሱም ይቀበላታል። ሲቀበላት ትከሻው ቀለል ይለዋል፤ ቀለል ስላለው ደግሞ ያፍራል።

ኮሊን ደወለ። ምስሉ እየቆመ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ግን በየሳምንቱ ደወለ። ሬዚደንቶቹን ሁሉ ሰብስቦ የአገኘሽን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስወራቸው። ማንንም አልወቀሰም። ከሥራው በፊት የድምፅ አውታሯን አይቶ የመረመራት እንደሌለ ያወጣችው ራሷ አቢጋኤል ናት፤ በዚያ ክፍል የነበረ ሁሉ ላቀውን ጨምሮ አንገቱን ደፋ። በሌላው ሳምንት ኮሊን አንዲት የጉሮሮ ሐኪም ወዳጁን ይዞ ብቅ አለ። ረጅም እጀታ ባላት ትንሽ መስታወት ጉሮሮ እንዴት እንደሚታይ በስልኩ ውስጥ አሳየቻቸው። አቢጋኤል መስታወቷን ትንፋሽ እንዳያደበዝዛት እያሞቀች በነርሶቹ፣ በአለምሰገድ፣ በላቀው ጉሮሮ ሳይቀር ተለማመደች። ላቀው አፉን ከፍቶ ምላሱን በፋሻ ተይዞ «ኢ» ሲል ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አያት።

አገኘሽ የቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። በሚቀጥለውም አልመጣችም። አንድ ቅዳሜ ላቀው የሆስፒታሉን መኪና ለምኖ ከአቢጋኤል ጋር ወደ ጨንቻ ወጡ። የቆላው ሙቀት በመንገዱ መጠማዘዝ እየቀረ፣ ቀርከሃውና እንሰቱ በጉም ውስጥ እየታየ ሄደ።

ወልደየሱስ ከቤቱ ጥላ ስር፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፣ ይሸምን ነበር። ሲያያቸው መወርወሪያውን አስቀመጠና ተነሳ። አገኘሽ ከጓሮ መጣች። «ሳሮ» ብላ ሰላም አለቻቸው። ድምፅ አላት። ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ቃሉ ሳያልቅ ትንፋሹ የሚያልቅበት ድምፅ ነው፤ ግን ድምፅ ነው። አቢጋኤል ደጃፍ ላይ ብርሃን ባለበት አስቀምጣት በመስታወቷ አየቻት። ብዙ አየቻት።

«በግራ በኩል ያለው የድምፅ አውታር አይንቀሳቀስም» አለች። «የቀኙ እየተጠጋ ያግዘዋል፤ ለዚህ ነው የምትናገሪው። ንግግርሽ ከዚህ ሊሻሻል ይችላል። መዝሙሩ ግን... እንደ ድሮው የሚሆን አይመስለኝም።»

ወልደየሱስ ተረጎመላት። አገኘሽ ይህን ከእነሱ በፊት ራሷ እንዳወቀችው ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። አሁን ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ከበሮ ትመታለች አለ ባሏ፤ የምትመራው ሌላ ሴት ናት። ጋደም ብላም ትተኛለች። ይህን ሲል አመሰገናቸውም አይባልም፣ ወቀሳቸውም አይባልም።

ከዚያ አገኘሽ ወደ አጥሩ ሄዳ ተጣራች። ድምፁ አልደርስ ሲላት እንጨት አንስታ ቆርቆሮውን መታችው። ከጎረቤት ግቢ አንዲት ሴት ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠቅልላ መጣች፤ የወልደየሱስ እህት ሻሺቱ ናት። ነጠላውን ስትፈታው እንቅርቷ ከአገኘሽ ባይበልጥ አያንስም ነበር።

«ይቺ ከዚህ በፊት ልትመጣ ነበር» አለ ወልደየሱስ። «የሚስቴን ሲሰማ ፈራ። አገኘሽ ነው አሁን ሂጂ ያለው። ግን ማን እንደሚቆርጠው ትጠይቃለች።»

አቢጋኤል መስታወቷን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ላቀውን አላየችውም። ለላቀው ግን አገሩ ነው፤ ገበያው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ነው። «እሷ ናት የምትሠራት» አለ አቢጋኤልን እያመለከተ።

አገኘሽና ሻሺቱ በጋሞኛ ብዙ ተነጋገሩ። አንዳንዴም የተጨቃጨቁ ይመስሉ ነበር። በመጨረሻ ወልደየሱስ አሳጥሮ ተረጎመ፤ «ይሁን ይላሉ። ግን ሁለታችሁም እዚያ ቁሙ፤ ይሄ ሰውዬ ደግሞ አይሂድ ይላሉ።» ሰውዬው ላቀው ነበር።

የሻሺቱ ቀን ሲደርስ አቢጋኤል መታጠቢያው ጋ ቆማ እጇን ቧንቧው ስር አላደረገችም።

«ዶክተር፣ እርስዎ ይሥሩት። እጄን አላመንኩትም።»

ላቀው ከሌሊት ተረኝነት ገና መውጣቱ ነበር፤ ጉልበቱ ይጠዘጥዘዋል። እሱ ቢሠራው ከምሳ በፊት ያልቃል፤ ማንም አይጠይቀውም። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር።

«ታጠቢ» አላት።

ሥራው ረጅም ነበር። አስቸጋሪው ቦታ ሲደርሱ እጇ ቆመ። መቀሱን አዙራ ወደ እሱ ዘረጋችው። ነርሷም ተቀብላ ልታቀብለው እጇን አዘጋጀች። ላቀው ጓንት ያጠለቀ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ያዛቸው፤ እንዳይሄዱበት ጨብጦ እንደያዛቸው ራሱ አወቀው።

«ነርቯ የት ናት?» አላት።

«አላውቅም... እዚህ ትመስለኛለች።»

«መምሰልን ተዪው። ጊዜ አለን። ከታች ተከትለሻት ውጪ።»

አቢጋኤል መቀሱን ወደ ራሷ መለሰች። ክር በክር፣ ከታች ወደ ላይ፣ እየጠረገች ተከተለቻት። ክፍሉ ውስጥ ከማሽኑ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ላቀው በላብ ታጠበ፤ አንዴ ዓይኑን ጨፈነ፤ መልሶ ገለጠው።

«ይቺት» አለች በመጨረሻ። «ነጯ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

እሱም አይቷታል። «እንግዲያው ቀጥዪ» አላት።

ሻሺቱ ከማደንዘዣው ስትነቃ የአለምሰገድን ጥያቄ አልጠበቀችም። ዓይኗን ሳትከፍት በጋሞኛ ጮክ ብላ መነጫነጭ ጀመረች፤ ብርዱን ይሁን ሰዎቹን ስትሳደብ የሰማች ነርስ በሳቅ ወደቀች። አቢጋኤል ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። ጭንብሏን አላወለቀችም፤ ከጭንብሏ በላይ ግን ዓይኗ ረጥቧል። ላቀው ትከሻዋን መታ አድርጓት ወጣ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል አግዳሚ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አያስታውስም። ሲነቃ ፀሐይ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ ዞራለች፤ አንድ ሰው ጋውን አልብሶታል። ደንግጦ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ያገኛት ነርስ ከካምባ አንጀቱ የተጠማዘዘ ሰው በአምቡላንስ እንደመጣና አቢጋኤል ይዛው እንደገባች ነገረችው።

«ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?»

«ተዉት፣ ይተኛ አለች።»

ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ሄደ። እጁን በሩ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆመ። በመስታወቱ አንድ የአንደኛ ዓመት ሬዚደንት ከአቢጋኤል ፊት ለፊት ቆሞ ይታያል፤ እሷ በጣቷ እያመለከተች የሆነ ነገር ታስረዳዋለች። የሚጠራው ሰው አልነበረም። እጁን ከበሩ አነሳና ወደ ሠራተኞች ክበብ ወረደ።

ፍርፍር አዘዘ። በትኩሱ አመጡለት፤ በትኩሱም በላው፤ መሐል ላይ ማንም አልጠራውም። አቢጋኤል በሰኔ ትሄዳለች፤ ጂንካ ሳይሆን አይቀርም የሚመድቧት። ከዚያ በኋላ ከዚያ ከአንደኛ ዓመቱ ልጅ ጋር ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀምራል፤ እንደገና ፊት ለፊት ይቆማል፤ እንደገና እጁን ይሰበስባል። ይህን ሲያስብ ድካሙ መጥቶ ትከሻው ላይ ተቀመጠ። ላቀው የመጨረሻዋን ጉርሻ ሳህኑን ጠርጎ ጎረሰና ሻይ እንዲያመጡለት ጠየቀ።